የቪዲዮ መጭመቂያና የስትሪሚንግ ፓተንት ክርክሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓተንት ማለት አንድን ፈጠራ ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት ነው። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ውስብስቡ ይሄዳሉ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውጭ የተላከልኝን የሠርግ ቪዲዮ ልከፍት ስል ኮምፒውተሬ 0.99 ዶላር ጠየቀኝ። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበሩም። አይፎን ከ2017 ወዲህ ቪዲዮን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው ኤች.265 በተባለ የመጭመቂያ ዘዴ ነው፤ ኤችኢቪሲ የሚባለውም እሱው ነው። ይህን ዘዴ የሚፈታ ዕቃ ወይም ፕሮግራም የሚሸጥ ኩባንያ በውስጡ ላሉት ፈጠራዎች ባለቤቶች እንዲከፍል ይጠየቃል። የስልክ አምራቾች ሒሳቡን ከዕቃው ዋጋ ጋር ይይዙታል። ማይክሮሶፍት ግን ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ሁሉ ከመክፈል ይልቅ፣ የሚያስፈልገው ሰው ለብቻው በ0.99 ዶላር ገዝቶ እንዲያወርደው መርጧል።

ልማዱ አዲስ አይደለም። ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽና ርካሽ ኮምፒውተር በ2012 ገበያ ላይ ስትወጣ የዲቪዲ ምስል መፍቻ ቁልፏ በ2.40 ፓውንድ ለብቻው ይሸጥ ነበር። ዋጋዋን ዝቅ ለማድረግ ሲባል፣ ዲቪዲ የማያየው ሰው ለሚያየው እንዳይከፍል ተብሎ ነው።

ቪዲዮ መጭመቅ ምንድን ነው? ፓተንት የሚያሰጥስ ምን አለው?

ያልተጨመቀ ቪዲዮ እጅግ ከባድ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ሲቀያየር፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 24 ቢት (የዳታ ትንሿ መለኪያ) ቢያዝለት፣ በየሰከንዱ 1.5 ቢሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። በኢንተርኔት የሚደርስዎ ግን 5 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ከሦስት መቶ እጅ አንዱ ብቻ ደርሶ ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

ሚስጥሩ የማይለወጠውን ደግሞ አለመላክ ነው። ዜና አንባቢዋ ስትናገር ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ «እንደ ቀድሞው ነው» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይላካል። እጇን ስታነሳም እጇ እንደ አዲስ አይሣልም፤ «ያ ቁራጭ ይህን ያህል ወደ ላይ ወጥቷል» ይባላል። ዓይን የማይለየው ዝርዝር ይጣላል፣ የቀሩት ቁጥሮችም ባጭሩ እንዲጻፉ ይደረጋል። እንቅስቃሴን እንዴት መገመት፣ በቁራጮቹ መካከል የሚታየውን ስፌት እንዴት ማለስለስ፣ ቁጥሮችን እንዴት ማሳጠር እንደሚቻል የሚያሳየው እያንዳንዱ ብልሃት ለብቻው ፓተንት ሊወጣበት ይችላል። ብልሃቶቹ ሁሉ ተገጣጥመው የሚሠሩበት ሥርዓት ኮዴክ ይባላል።

ይህ የቅጂ መብት ጉዳይ አይደለም እንዴ?

አይደለም። የቅጂ መብት ፊልሙን ይጠብቃል፤ ፓተንት ፊልሙ እቤትዎ የሚደርስበትን ዘዴ ይጠብቃል። ልዩነቱ ለፕሮግራም ጸሐፊ ከባድ ነው፦ የማንንም ኮድ ሳይመለከት ከባዶ ተነስቶ ቢጽፍ እንኳ የሠራው ዘዴ አስቀድሞ ፓተንት የወጣበት ከሆነ ሊከሰስ ይችላል። «አልሰረቅሁም፣ ራሴ አሰብኩት» የሚለው መልስ ከኃላፊነት አያድንም።

አንድ ኮዴክ ስንት ባለቤት አለው? የሚከፈለውስ ለማን ነው?

ዛሬም በስፋት የሚሠራበትን ኤች.264ን በ2003 ያወጡት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና ኤምፔግ የተባለው የባለሙያዎች ቡድን ናቸው። እነርሱ ደረጃውን፣ ማለትም አምራቾች ሁሉ የሚከተሉትን የጋራ ደንብ፣ ያወጣሉ እንጂ ገንዘብ አይሰበስቡም። ፓተንቶቹ ያሉት በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በተበተኑ ብዙ ኩባንያዎችና የምርምር ተቋማት እጅ ነው።

የጥንቱን ሲራራ ነጋዴ ያስቡ። ጨውና ቡና ጭኖ ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ የሚያማርረው የአንዱ ኬላ ቀረጥ ሳይሆን የኬላው ብዛትና ከፊቱ ስንት እንደቀረው አለማወቁ ነው። የፓተንት ቋት የሚባለው ባለ ኬላዎቹ ተስማምተው አንድ ኬላ ብቻ የሚያቆሙበት ዘዴ ነው። ለኤች.264 ይህን ያደረገው ኤምፔግ ኤልኤ የተባለው አሜሪካዊ ድርጅት ሲሆን በ2023 ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ቪያ ኤልኤ ተብሏል። ለዓመታት በሠራበት ሠንጠረዥ አንድ አምራች በዓመት የሚሸጣቸው የመጀመሪያዎቹ 100,000 ዕቃዎች ነጻ ነበሩ። ከዚያ በላይ እስከ 5 ሚሊዮን ድረስ በዕቃ 20 ሳንቲም፣ ከዚያም በላይ 10 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላል። በዓመት ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያም ነበረው።

ጣሪያው አንድ ያልታሰበ ጥቅም ወልዷል። ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ ዕቃዎች አምራች ጣሪያው ስላለ ምንም ያህል ቅጂ ቢያድል በዓመት ከጣሪያው በላይ አይከፍልም ነበር። ስለዚህ በ2013 የራሱን የኤች.264 ፕሮግራም ለማንም በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ እስከ ዛሬ ለቪዲዮ ጥሪ የሚጠቀመው ያንን ነው።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ እለቃለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችንንም ጉባኤ በቀጥታ እናስተላልፋለን። እኛም እንከፍላለን?

አትከፍሉም። ኤምፔግ ኤልኤ በኤች.264 ተጨምቆ ተመልካች በነጻ የሚያየው የኢንተርኔት ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ክፍያ እንደማይጠየቅበት በነሐሴ 2010 አስታውቋል። ካሜራችሁና ስልካችሁም ድርሻቸውን ሲሸጡ ከፍለዋል።

ነገሩ የሚለወጠው ተመልካቹ ሲከፍል ነው። በውጭ ላለው ወገን የአማርኛ ፊልም በወርኃዊ ክፍያ የሚያሳይ መተግበሪያ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው በዚያው የቆየ ሠንጠረዥ እስከ 100,000 ደንበኛ ድረስ በነጻ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በዓመት ከ25,000 ዶላር ይጀምራል። ቪዲዮ በነጠላ ለሚሸጥ ደግሞ ከ12 ደቂቃ ያነሰው አይቆጠርም። ዛሬ ውል የሚገባ ሰው ግን የቆየውን ሠንጠረዥ ሳይሆን የወቅቱን ዋጋ ከቪያ ኤልኤ መጠየቅ አለበት።

በኤች.265 ላይ ይህን ያህል ጠብ ለምን ተነሳ?

ዘዴው ራሱ ግሩም ነው። በ2013 ሲወጣ ኤች.264 ከሚፈልገው ዳታ በግማሹ ያንኑ ጥራት እንደሚሰጥ ታይቷል። ያሰናከለው ሒሳቡ ነው። በ2014 ኤምፔግ ኤልኤ አንድ ቋት አቆመ። በ2015 ኤችኢቪሲ አድቫንስ የተባለ ሁለተኛ ቋት መጣ። በ2017 ቬሎስ ሚዲያ ሦስተኛውን ከፈተ። ከሦስቱም ውጭ ለብቻቸው የቆሙ ባለመብቶች ነበሩ። አንዱ ኬላ ሦስት ሆነ፤ በየጫካውም ሌላ ጠባቂ ቆመ።

ከሁሉም ያስቆጣው ሁለተኛው ነው። ኤችኢቪሲ አድቫንስ በመጀመሪያው ዋጋው ከዕቃ አምራቾች በተጨማሪ ቪዲዮ አሠራጮች ከዘዴው ጋር ከተያያዘ ገቢያቸው 0.5 በመቶ እንዲሰጡ ጠየቀ። ጣሪያም አልነበረውም። ገና ሳይዘሩ አዝመራ የተጠየቁት አሠራጮች ጮኹ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋጋው ተከለሰ፤ በ2018 ደግሞ የኢንተርኔት ስርጭት ክፍያው ጨርሶ ተነሳ። በእኔ ግምት ግን ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። ዩቲዩብ 4ኬ የተባሉትን እጅግ ጥርት ያሉ ቪዲዮዎቹን በኤች.265 ሳይሆን በጉግል ዘዴ ማሠራጨት ጀምሮ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አይፎንና አፕል ቲቪ እስከ 2020 ድረስ የዩቲዩብን 4ኬ ማሳየት አልቻሉም። የጉግል ማሰሻ ክሮም ኤች.265ን ለመቀበል እስከ 2022 ቆየ። የኤምፔግ መሥራች ጣሊያናዊው ሌዎናርዶ ኪያሪሊዮኔ ራሱ በ2018 አሠራሩ ቀውስ ውስጥ እንደገባ በግልጽ ጽፎ፣ በ2020 ቡድኑን ለቆ ወጥቷል።

ታዲያ ነጻ ኮዴክ የለም?

አለ፤ ነጻነቱ ግን ሙግት የሌለበት አይደለም። ጉግል በ2010 ኦን2 የተባለውን ኩባንያ በ120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ቪፒ8 የተባለውን ኮዴክ ለሁሉም በነጻ ለቀቀ። ኤምፔግ ኤልኤ በ2011 «በቪፒ8 ላይ ፓተንት አለኝ የሚል ይምጣ» ብሎ ጥሪ አወጣ፤ ጉዳዩ በ2013 ከጉግል ጋር በስምምነት ተዘጋ። ኖኪያ በዚያው ዓመት በቪፒ8 ምክንያት ኤችቲሲ የተባለውን የስልክ አምራች በጀርመኗ ማንሃይም ከተማ ከስሶ ተረታ።

በመስከረም 2015 ጉግል፣ አማዞን፣ ኔትፍሊክስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ኢንቴል፣ ሲስኮና ሞዚላ ተባብረው የኦፕን ሚዲያ ጥምረትን መሠረቱ። በገበያ እርስ በርስ የሚጠላለፉትን እነዚህን ሁሉ ባንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠው የኤች.265 ሒሳብ ነው። ያወጡት ኮዴክ ኤቪ1 በ2018 ወጣ፤ አፕልም በዚያው ሰሞን ተቀላቀለ። አባላቱ ፓተንታቸውን በነጻ ይፈቅዳሉ፤ ጥምረቱ ግን አባል ያልሆነውን ሰው እጅ ማሰር አይችልም። በ2019 ሲስቬል የተባለው የጣሊያን መሠረት ያለው ድርጅት ለኤቪ1 ቋት አቋቁሞ፣ ስክሪን ላለው ዕቃ 0.32 ዩሮ ጠየቀ። ጥምረቱ ይህን አልተቀበለውም። እንግዲህ «ነጻ» ሲባል «የሠሩት ሰዎች አይጠይቁም» ማለት እንጂ «ማንም አይጠይቅም» ማለት አይደለም።

ኢንተርኔቱ ሲደክም ቪዲዮው ደብዝዞ መቀጠሉስ ፓተንት አለው?

አለው። ቪዲዮው አስቀድሞ በተለያየ ጥራት ይዘጋጅና በጥቂት ሰከንዶች ርዝመት ይቆራረጣል፤ ማጫወቻው መስመሩን እየለካ ቀጣዩን ቁራጭ ከከፍተኛው ወይም ከዝቅተኛው ይመርጣል። በዚህ ዘዴ ቀደምት ከነበሩት አንዱ በዩታ ግዛት የነበረው ሙቭ ኔትወርክስ ነው። ኩባንያው ሲዳከም ንብረቱን የገዛው ከሳተላይት ቴሌቪዥኑ ዲሽ ጋር አንድ ቤት የሆነው ኤኮስታር ነበር።

ዲሽ በ2021 የከሰሰው ሌላ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይሆን ስክሪን የተገጠመላቸውን የስፖርት ብስክሌቶች የሚሸጡትን ፔሎተንንና መሰሎቹን ነው። ጉዳዩ የቀረበው ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ የገንዘብ ካሳ አይፈርድም፣ ዕቃው በጉምሩክ በኩል እንዳይገባ ማገድ ግን ይችላል። በ2023 ዕገዳው ተወሰነ፤ ፔሎተንም 75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ።

ምንም ሳይሠሩ ፓተንት ገዝተው ብቻ የሚከሱም አሉ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። አካሺያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1991 በተጠየቀ ፓተንት ተመርኩዞ፣ ድምፅና ምስልን ጨምቆ በመስመር መላክ በሙሉ የእኔ ነው አለ። በ2002 አካባቢ መጀመሪያ የሄደው ወደ ወሲብ ቪዲዮ ድረ ገጾች ነበር። ለምን ወደነርሱ? ቀስ ብሎ ሲታይ ስሌቱ ገሃድ ነው፦ ዳኛ ፊት ቆሞ ስሙ እንዲነሳ የማይፈልግ ተከሳሽ ቶሎ ይከፍላል። ቀጥሎ ደብዳቤው ለዩኒቨርሲቲዎችም ደረሰ። በ2009 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፓተንቶቹን ዋጋ አሳጣቸው።

የፎርጀንት ታሪክም ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ ብዙ ገንዘብ መሰብሰቡ ነው። ኩባንያው በ2002 በ1987 የተሰጠ ፓተንት ከመዝገብ ቤቱ አግኝቶ፣ በየካሜራውና በየኮምፒውተሩ ያለው ጄፔግ ሥዕል ይነካዋል አለ። ከብዙ ኩባንያዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2004 በአንድ ጊዜ 31 ኩባንያዎችን ከሰሰ። የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ፓተንቱን እንደገና መመርመር ሲጀምር አቋሙ ላላ፤ በ2006 ቀሪዎቹን በ8 ሚሊዮን ዶላር ታርቆ ወጣ።

ደረጃ ውስጥ የገባ ፓተንት ያለው ኩባንያ የፈለገውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል?

ሲገባ ቃል ሰጥቷል፦ ለሚጠይቀው ሁሉ በተመጣጣኝ ዋጋና ያለ አድልዎ ልፈቅድ ብሎ። ችግሩ «ተመጣጣኝ» ስንት እንደሆነ የትም አለመጻፉ ነው። በ2010 ሞቶሮላ ለኤች.264ና ለዋይፋይ ፓተንቶቹ ከእያንዳንዱ ኤክስቦክስ (የጨዋታ መሣሪያ) እና ዊንዶውስ ካለበት ኮምፒውተር ዋጋ 2.25 በመቶ ማይክሮሶፍትን ጠየቀ። ማይክሮሶፍት ሲያሰላው በዓመት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነበትና ሲያትል ላይ ከሰሰ።

ዳኛ ጄምስ ሮባርት በሚያዝያ 2013 በ207 ገጽ ፍርድ ዋጋውን ራሳቸው አሰሉት። የኤች.264ቱ ድርሻ በዕቃ ግማሽ ሳንቲም ገደማ ሆነ፤ ጠቅላላው በዓመት 1.8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ። በአራት ቢሊዮንና በሁለት ሚሊዮን መካከል ያለው ርቀት «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚለጠጥ ያሳያል። በዚያው ዓመት ጁሪው ሞቶሮላ ቃሉን አፍርሷል ብሎ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 አጸናው።

ደረጃው ሲወጣ ዝም ብሎ፣ ሁሉም ከተጠቀመበት በኋላ ፓተንቱን የሚያወጣስ?

ቺፕ ሠሪው ኳልኮም እንዲህ አድርጎ ተይዟል። በ2005 ተፎካካሪውን ቺፕ ሠሪ ብሮድኮምን ኤች.264 በሚሠሩ ቺፖች ምክንያት ሳን ዲዬጎ ከሰሰ፤ ደረጃው ሲወጣ በስብሰባው አልነበርንም፣ ስለዚህ የማሳወቅ ግዴታም አልነበረብንም ሲል ተከራከረ። በጥር 2007 ችሎቱ ሊያበቃ ሲል ከራሱ ምስክሮች አንዷ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ከደረጃ አውጪዎቹ የኢሜይል ዝርዝር መልእክት ይደርሳት እንደነበር ተናገረች። ጠበቆቹ ቀደም ብለው 21 እንዲህ ያሉ ኢሜይሎችን አግኝተው ሳያስረክቡ ቀርተው ነበር።

ከችሎቱ በኋላ ሲፈተሽ ያልተሰጡት ሰነዶች ከ46,000 በልጠው ተገኙ። ኳልኮም ለብሮድኮም ከ8.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የክስ ወጪ እንዲከፍል ታዘዘ። ዳኛው ሁለቱ ፓተንቶች በማንም ላይ እንዳይሠሩ ወስነው ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ግን በ2008 ቅጣቱን ኤች.264 በሚጠቀሙ ዕቃዎች ብቻ ወሰነው። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ በደረጃው ጠረጴዛ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው በዚያ ደረጃ ላይ በኋላ መጠየቅ አይችልም።

ከሳሾች ጀርመንን ለምን ይመርጣሉ?

በጀርመን «ፓተንቱ ተጥሷል ወይ?» እና «ፓተንቱ መጀመሪያስ ይጸናል ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች በተለያዩ ፍርድ ቤቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ፓተንቱ ኋላ ሊሰረዝ የሚችል ቢሆንም ሽያጭ የሚያስቆም ዕግድ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ማይክሮሶፍት ከሞቶሮላ ጋር ሲሟገት የማንሃይምን ዕግድ ፈርቶ የአውሮፓ ዕቃ ማከፋፈያውን በ2012 ከጀርመን ወደ ኔዘርላንድስ አዛውሯል፤ ከተፈረደለት 14.5 ሚሊዮን ዶላር አብዛኛው የዚህ መጋዘን ማዛወሪያ ወጪ ነው።

ከዚያ በኋላም አልቀዘቀዘም። በ2023 ሙኒክ ላይ ብሮድኮም ኔትፍሊክስን በኤች.265 ፓተንት ረታ፤ ኔትፍሊክስ ዕግዱን አላከበረም ተብሎም ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተቀጥቷል። ኖኪያ በ2024 እዚያው ሙኒክ የአማዞንን የቪዲዮ ማጫወቻ ዕቃዎች በሚመለከት ረታ፤ በመጋቢት 2025 ሁለቱ ታረቁ።

እነዚህ ፓተንቶች ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራሉ?

ፓተንት በተመዘገበበት አገር ወሰን ያበቃል። በአሜሪካ ወይም በጀርመን የተሰጠ ፓተንት እዚህ ካልተመዘገበ አዲስ አበባ ላይ ማንንም አያስከስስም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በኢትዮጵያ ፓተንት የሚቆየው ለ15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችንም ፓተንት ከማይሰጣቸው ነገሮች መድቧል። ቪኤልሲ የተባለው ነጻ ማጫወቻ ሁሉን ዓይነት ቪዲዮ ያለ ክፍያ የሚከፍተውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የሚሠራው ማኅበር ያለው ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን፣ በአውሮፓ ሕግ ፕሮግራም ለራሱ ብቻ ፓተንት አይሰጠውም።

ይህ ለአገር ውስጥ ሠሪ ሰፊ ሜዳ ነው፤ እስከ ወሰኑ ድረስ ብቻ። መተግበሪያው በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ላሉ ደንበኞች ከተሸጠ የዚያ አገር ፓተንት ይይዘዋል። እዚህ የምንገዛው ስልክም ፓተንት ባለበት አገር የተመረተ ከሆነ ክፍያው ከዋጋው ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ፓተንቶቹ ዘመናቸው ሲያልፍስ? ኤች.264 ነጻ ሆነ ማለት ይቻላል?

በብዙ አገሮች ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ፈጠራው የሁሉም ነው። ለኤምፒ3 ሙዚቃ ፈቃድ ሲሸጥ የነበረው የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም በ2017 ሽያጩን ዘጋ። የዲቪዲው ኤምፔግ-2 የመጨረሻው የአሜሪካ ፓተንት ደግሞ በየካቲት 2018 አበቃ፤ በአንድ ወቅት ለአንድ መፍቻ 2.50 ዶላር ይጠየቅበት የነበረ ዘዴ ዛሬ በአብዛኛው አገር በነጻ ነው።

ኤች.264 ወደዚያው እየሄደ ነው፤ አልደረሰም። የ2003ቱ መሠረታዊ ፓተንቶች አብዛኞቹ አልቀዋል። ነገር ግን ደረጃው ከወጣ በኋላ ተጨማሪ ክፍሎች ገብተውበታል፤ የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤትም ራሱ ላዘገየው ጊዜ ማካካሻ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ኤች.264 አለቀ ወይ?» ሳይሆን የትኛው ክፍሉ፣ በየትኛው አገር የሚለው ነው፤ መልሱም ከፓተንት ዝርዝሩ በቁጥርና በቀን ይነበባል።